የሦስተኛው ድንኳን አለቃ

ሐምሌ ፩ ቀን ፲፱፻፶፬፣ ጎንደር፣ ቀሐ

ይህን ደብተር የሰጡኝ ለስም መጥሪያ ነው። የአሥራ ሁለት ልጅ ስም ለመጥራት ደብተር ያሻል ተብሏል። እኔ በጠላት ጊዜ ሰማንያ ሰው በቃሌ ስጠራ ኖሬያለሁ። ወረቀቱ ባዶ ከሚቀር ብዬ በወዲህ በኩል የራሴን እጽፍበታለሁ። ጽሕፈት አልተማርኩም፤ ዳዊት ነው የደገምኩ። ቢሆንም ፊደሉን እንደ እምቢተኛ በግ አንድ ባንድ እየጎተትኩ ማውጣት አያቅተኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ስልሳ ወንድ ልጅ ሰብስቦ ክረምቱን ወገራ ደጋ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ሊያከርም ነው። ካምፕ ይሉታል። ለየድንኳኑ አንድ አለቃ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ስለጎደላቸው አስተማሪው አቶ ሐብተ ማርያም ሦስት ጊዜ ለመነኝ። እርግጥ ሦስቱንም ጊዜ እሱ ቤት ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ዐይኑ ይለምን ነበር።

ሚስቴ ለተ ማርያም በታኅሣሥ ካረፈች ወዲህ ልጄ ደብሪቱ ቤት ነኝ። ደብሪቱ በመሄዴ ደስ ብሏታል። ትናንት ለጎረቤቷ ስትናገር በግድግዳው ሰማኋት። «ቤቴን ችሎት አደረገብኝ። ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ምስክር ይቆጥርብኛል። እስቲ ክረምቱን እፎይ ልበል» ትላለች። የልጅ ምስጋና ይህ ነው። እኔ የምሄደው በዚህ ምክንያት አይደለም። የደጋ አየር ለጉልበት ሸጋ ነው ስለተባለ ነው።

ሐምሌ ፬፣ ወገራ

ደረስን። ካሚዮኑ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ገፋን።

አቶ ሐብተ ማርያም ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ባሕር ማዶ ሁለት ዓመት ተምሮ ቁምጣ ለብሶ ተመለሰ። ካምፕ እንዴት እንደሚመራ የሚያስረዳ መጽሐፍም ይዞ መጥቷል። ማታ አለቆቹን ሰብስቦ እየተረጎመ አነበበልን። «ልጆቹ ፀሐይ እንዳያቃጥላቸው ባርኔጣ ያድርጉ። ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ውስጥ ይዋኙ። ሲመሽ ኮከብ ይቁጠሩ።» ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው ግማሹ አልተሰማም።

«ልጄ፣ የነሱ የዕረፍት ወራት በጋ ነው» አልኩት። «የኛ ሐምሌ ነው።»

«አውቃለሁ አያ ሰጠኝ። መንፈሱን ነው የምንወስደው።»

እኛ መንፈሱን ወሰድን። ጎርፉ ፍራሹን ወሰደ።

የኔ ሦስተኛው ድንኳን ነው። አሥራ ሁለት ልጆች፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ዓመት። ሁለቱን ወዲያው ለየኋቸው። አድማሴ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው፤ የቆዳ ቦርሳ፣ ሁለት ጥንድ ጫማና ባለቀንድ እጀታ ሰንጢ ይዞ መጥቷል። ደሴ ከጭልጋ ነው። አባቱ ሞቷል፤ ትምህርት ቤቱ በነፃ እያሳደረ፣ እያበላ ያስተምረዋል። ይዞ የመጣው አንድ ጋቢና ዝምታውን ነው።

ሐምሌ ፭

ዝናብ። ፊሽካ። ዝናብ። በፊሽካ ይነሣሉ፣ በፊሽካ ይበላሉ። ለማስነጠስ ገና አልተነፋም።

ሐምሌ ፯፣ ሥላሴ

ዛሬ ጨዋታ ነበር። ማንኪያ በጥርስ ተነክሶ፣ ማንኪያው ላይ ድንች ተቀምጦ፣ ይሮጣል። ድንቹ ከወደቀ ተሸነፍክ። ካልወደቀ አሸንፈህ ድንቹን ለወጥ ቤት ትመልሳለህ። ለዚህ ነው ባሕር የተሻገረ።

ወጥ ሠሪዋ እንኳየሁ ከቆርቆሮው ቤት ብቅ ብላ፣ «አያ ሰጠኝ፣ አንቱም ይሩጡ እንጂ!» አለች።

«ጥርሴን ለቆሎ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ለቆሎና ለነገር ይበሉ!»

ስልሳ ልጅ ሳቀ። የሳቁትን ስም ለመመዝገብ ደብተሩ አይበቃም።

ሐምሌ ፲

ተሰለፉ ስል ይስቃሉ። ተኙ ስል ይዘፍናሉ። ልጅ መያዝ አላውቅም። የራሴን የያዘች ለተ ማርያም ናት፤ እኔ ያኔ ሙግት ላይ ነበርኩ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ልጅ ፍራሹን አርጥቦ አገኘሁት። ስሙን አልጽፍም። ሌሎቹ ሳይነቁ አንድ ባልዲ ውሃ ሦስት ፍራሽ ላይ ደፍቼ፣ «ድንኳኑ አፈሰሰ!» ብዬ ጮህኩ። አቶ ሐብተ ማርያም መሰላል ላይ ወጥቶ ግማሽ ቀን ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ። የተማረ ሰው ነው፤ ይፈልግ።

ሐምሌ ፲፬

ዘዴ አገኘሁ!

ሁለት ልጆች በአንድ ካልሲ ተጣሉ። መምታት በመጽሐፉ ተከልክሏል። እንግዲያው ችሎት ተቀመጥኩ። ከሳሽ በቀኝ፣ ተከሳሽ በግራ። ዋስ ጥራ። ምስክር ቁጠር። ጋቢህን አደግድገህ፣ ዳኛህን አክብረህ፣ ቆመህ ተናገር። ዝም አሉ! አሥራ ሁለት ልጅ እንደ ቅዳሴ ዝም አለ። ካልሲው ተፈረደ፤ የተሸነፈውም እጅ ነሥቶ ሄደ።

አሁን ከሌላው ድንኳን ሳይቀር ሊያዩ ይመጣሉ። ድንች የሚሸከም ጠፋ። አቶ ሐብተ ማርያም ራሱ ቆሞ ሰማና፣ «ደስ ይላል አያ ሰጠኝ» አለ። ደስ ይላል እንጂ! ከወንድሜ ጋር በርስት አርባ ዓመት ስሟገት የለቀምኩት ዕውቀት ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «አጠፋሁ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ለተ ማርያም፣ «አንድ ቀን ብትለው ምን ይጎድልብሃል?» ትለኝ ነበር። ሙግት አታውቅም፣ ነፍሷን ይማር።

ሐምሌ ፲፱፣ ገብርኤል

የአድማሴ ሰንጢ ጠፋ።

«ደሴ ሰረቀኝ!» አለ።

«ማን አየ?»

«ማን ሊያይ? አጠገቤ የሚተኛው እሱ ነው።»

«ውሸት ነው» አለ ደሴ።

ምስክር የለ፣ ዋስ የለ። እንዲህ ሲሆን የድሮው ሕግ መላ አለው፤ ቁራኛ። የከሳሽና የተከሳሽ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ዳኛ እስኪፈርድ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ይወጣሉ። አንዱ አይሸሽም፣ ሌላው በሐሰት አይወነጅልም። የሁለቱን ጋቢ ደረታቸው ላይ አጥብቄ አስሬ፣ ጫፉን ከጫፉ ቋጠርኩት። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ሐብተ ማርያም መጣ። አልሳቀም። «ልጅ እንደ በሬ ይጠመዳል እንዴ? ይህ ነገር እኮ ዱሮ ቀርቷል። አንዱ ቢወድቅስ? አሁን ይፍቷቸው፤ ሁለተኛ እንዳላይ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ሰው ፊት የሚባል ነገር ነው።

ሐምሌ ፳

ፈታሁ። ዞር ሲል መልሼ ቋጠርኩ፤ የቀሩትን አሥር ልጆች ምስጢር ነው ብዬ አስማልኩ። እንኳየሁ ከወጥ ቤት አይታኝ ራሷን ነቀነቀች። ድስቷን ትጠብቅ።

ማታ ሁለቱ ከአንድ ሳህን እየበሉ ሲሳሳቁ አየኋቸው። ይሠራል! መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም።

ሐምሌ ፳፪፣ ቀን

እንጨት ለቀማ። ጭጋግ። አድማሴ ቦረቦር ውስጥ ወደቀ። ቀኝ እጁ ተሰብሯል። ወጌሻ ይምጣ ተብሎ ዳባት ሰው ተልኳል። የቀረውን ኋላ እጽፋለሁ።

የዚያው ዕለት ማታ

አዳልጦት ነው። ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ያዳልጣል። ልጅ ደግሞ ይዘላል። ይህን ማንም ያውቃል።

ቦረቦሩ ሰፊ አይደለም፤ ፍየል ሳታስብ የምትሻገረው ነው። አድማሴ ዘለለ። ደሴ አልዘለለም። አድማሴ አየር ላይ ሳለ ወደ ኋላ ተመለሰና ቁልቁል ሄደ፤ ደሴም በደረቱ ተጎትቶ ተከተለው። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ በጭጋጉ ውስጥ «የት ናችሁ?» እያሉ ይጣራሉ። እርጥብ ቋጠሮ በጣት አይፈታም፤ በጥርስ ነው የሚፈታ። አፌ ውስጥ እስካሁን አፈር አለ።

አቶ ሐብተ ማርያም ጠየቀኝ።

«እንዴት ወደቀ?»

«ጭጋግ ነበር። አላየሁም።»

«ደሴ አጠገቡ ነበር?»

«ነበር።»

«በሰንጢው ተጣልተው አልነበር?»

«ተጣልተው ነበር።»

ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም እውነት ነው። እሱም ቢሆን ጭጋግ መኖሩ እውነት ነው። አርባ ዓመት የተሟገተ ሰው የሚመልሰው እንዲህ ነው።

ደሴ ጉንጩ ተልጦ ቆሟል። አየሁት። አየኝ።

ሐምሌ ፳፬

ወጌሻው እጁን አቅንቶ በቀርከሃ አሰረው፤ ይድናል ብሏል። ወንዙ ሞልቶ ማኪና አይወጣም፤ ጎንደር ሐኪም ዘንድ መውሰድ አልተቻለም። ልጁ ወጥ ቤት እሳት ዳር ተኝቷል። ያተኩሰዋል።

አቶ ሐብተ ማርያም ፈረደ። ደሴ በሰንጢው ቂም ገፍቶታል፤ ከካምፕ ይባረራል፤ ለትምህርት ቤቱም ይጻፋል። ከተጻፈ ነፃ ማደሪያው ይቀራል። ማደሪያው ከቀረ ጭልጋ፣ እናቱ ዘንድ። ትምህርቱ እዚያ ላይ አበቃ። ለአድማሴ አባት ሰው ተልኮበታል፤ ሲመጣ ሰልፍ ላይ ይነገራል።

ደሴን ሲጠይቁት «አልገፋሁም» ብቻ ይላል። አድማሴን ሲጠይቁት «አላስታውስም» ይላል። ምነው አይናገሩ? እኔ ብሆን አሥር ምስክር ቆጥሬ ዳኛውን አስለቅሼ ነበር።

እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። ዝናቡ ነው።

ሐምሌ ፳፮

ሰንጢው ተገኘ። እንኳየሁ ድንች ልትልጥበት ከአድማሴ ፍራሽ ራስጌ አንሥታው፣ ልጣጩ ውስጥ ጥላው ኖሯል። ሰንጢውን ከፍ አድርጋ ይዛ አቶ ሐብተ ማርያም ፊት ቆመች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ሳልጠይቅ ወሰድኩ፣ ልጁ ሌባ ተባለ። አጠፋሁ» አለች። በቃ። አንድ ትንፋሽ። ሰማይ አልተደፋባትም፤ ተመልሳ ሽሮዋን አማሰለች።

አቶ ሐብተ ማርያም ግን ሐሳቡን አልለወጠም። «ስርቆቱ ቀርቷል። መግፋቱ ሌላ ነው» አለ።

እሳት ዳር ሄድኩ። አድማሴ ተነሥቶ በግራ እጁ ሲበላ ልጆቹ እየሳቁበት ደረስኩ። ሳህኑን ገፍቶ ፊቱን አዞረ። እንኳየሁ ልጆቹን አባርራ ወደኔ ዞረች።

«አያ ሰጠኝ፣ የታሰረ ልጅ እንዴት ይገፋል?»

«ምን ታሰረ?»

«ዐይኔ እኮ አልተሰበረም። እኔ የኔን ተናግሬያለሁ። የአንቱን እኔ አልናገርልዎትም፤ ዕድሜ ልክዎን ሌላ ሰው ሲናገርልዎት አልኖሩም።»

ምላሷን የሚያበስል ድስት የለም።

ሐምሌ ፳፰

ደሴ ቅጣቱ እስኪደርስ ድንች እንዲልጥ ታዟል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለመርዳት አይደለም፤ ውጭ ይዘንባል።

«ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«ምን ልበል አያ?»

«የሆነውን።»

ድንቹን አገላበጠ። «አንቱ ዳኛ ነዎት። ዳኛ ይከሰሳል እንዴ?»

«ይከሰሳል እንጂ።»

«ይባረሩ ነበራ።»

«ብባረርስ?»

«የት ይሄዳሉ?» አለኝ። ስድብ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ስድብ አይደለም። «እኔ እናቴ አለች። ጭልጋ እሄዳለሁ። አንቱ በእንቅልፍዎ 'ለተ፣ በሩን ክፈችልኝ' ይላሉ። አድማሴም ሰምቷል። ለዚህ ነው ያላስታወሰ።»

አንድ ድንች ልጬ እስክጨርስ እንደ ለውዝ አነሰ።

ነሐሴ ፩

ፍልሰታ ገባ። ልጆቹ ሁሉ ይጾማሉ። መጽሐፉ ግን ጠዋት ጠዋት ወተት ይላል። ስልሳ ኩባያ የዱቄት ወተት ተበጠበጠ፤ ማንም አልነካውም። የመንደሩ ውሾች እንዲህ ያለ ፍልሰታ አይተው አያውቁም።

ከራሴ ጋር ችሎት ተቀመጥኩ። ከሳሽ፣ «ልጁ በአንተ ጥፋት ሊባረር ነው» ይላል። ተከሳሽ፣ «እጄ አልገፋም፤ ጭቃ ነው» ይላል። ከሳሽ፣ «ማን ቋጠረ?» ተከሳሽ፣ «ሕጉ ነው የቋጠረ፣ አባቶች ያቆዩት።» ከሳሽ፣ «በጥርሱ የፈታውም ሕጉ ነው?» ተከሳሽ ቀጠሮ ጠየቀ።

አርባ ዓመት ቀጠሮ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ርስቱም እስካሁን ጠፍ ነው።

ነሐሴ ፪

የአድማሴ አባት በበቅሎ መጣ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ። ልጁን አይቶ ዐይኑ ቀላ። «የገፋው የታል?» አለ። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ። ደሴ ጋቢውን አጥፎ ተቀምጧል።

ነሐሴ ፫

በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ፊት ያጎነብሳል፤ ያ ሰው ይቅር እስኪል ድረስ አይወርድለትም። ይህ በኛ አገር የታወቀ ነው። ሽማግሌ ለልጅ ተሸክሞ ግን አላየሁም፣ አልሰማሁምም። እንግዲህ ዛሬ ታየ።

ሲነጋጋ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ለትከሻ የምትመች አንዲት ድንጋይ አግኝቼ ነበር። አልፌያት ትልቁን አነሣሁ። ዳገቱን ስወጣ ሦስት ጊዜ አረፍኩ።

ስደርስ ባንዲራው ሊሰቀል ነው። ስልሳ ልጅ ተሰልፏል። አንዱ፣ «አዲስ ጨዋታ!» ብሎ ጮኸ። አቶ ሐብተ ማርያም ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«አያ ሰጠኝ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

ደሴና አድማሴ ፊት ሄጄ አጎነበስኩ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። የአድማሴ ጫማ፣ የደሴ ባዶ እግር፣ የአባትየው ጭቃ። ለጫማ መናገር ይቀላል።

«እኔ ሰጠኝ እነዚህን ሁለት ልጆች ቋጠርኩ። አትቋጥር ተብዬ ቋጠርኩ። አድማሴን ቋጠሮው መልሶ ጣለው። ደሴ አልገፋም። እኔ በጥርሴ ፈትቼ 'አላየሁም' አልኩ። አይቻለሁ።» አንዲት ቃል ቀረች። ቃሏ አጭር ናት፤ ፊደሏም አራት ብቻ ነው። «አጠፋሁ።»

ደሴ የገበሬ ልጅ ነው፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ያውቃል። «ተዉ አያ! ነውር ነው! ይቅር ለእግዚአብሔር!» እያለ ከሥሬ ገብቶ ሊያነሣው ታገለ።

«ቆይ» አልኩት። «አድማሴ ገና አላለም።»

የከተማው ልጅ ግን ግራ ገብቶታል። «ድንጋዩ ምን ይሠራል?»

«ይቅር እስክትል አያወርዱትም» አለው ደሴ።

«ከባድ ነው?»

«ከባድ ነው» አልኩ።

የነጋዴ ልጅ ነው፤ ዞሮ ከጎንም አየው። «እስቲ ትንሽ ይቆዩ።»

ዝናቡ ጀመረ። አባትየው፣ «አንተ ልጅ! ሽማግሌ ነው!» ብሎ ተቆጣ።

«እኔን እኮ ነው የጠየቁኝ አባባ። እኔ ነኝ ከሳሽ» አለ። ከዚያ እንዳስተማርኩት ቀጥ ብሎ ቆመ። «ካሣ አለኝ።»

«ተናገር።»

«በግራ እጄ ስበላ ይስቁብኛል። እጄ እስኪድን አንቱ ያጉርሱኝ።»

«እሺ።»

«ትልልቁን።»

«እሺ አልኩ እኮ!»

«ይቅር።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር ነው የሚባለው» አልኩት ከድንጋዩ ሥር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ድንጋዩን ያወረደልኝ አባትየው ነው። መሬት ላይ ሲያኖረው «ኧረ!» አለ፤ አልጠበቀውም።

ነሐሴ ፮

ተባርሬያለሁ። አቶ ሐብተ ማርያም በጨዋ ደንብ፣ በወረቀት፣ በማኅተም ነው ያባረረኝ። የደሴን ደብዳቤ እፊቴ ቀደደው፤ ልጁን በስልሳው ፊት «ይቅርታ ደሴ» አለው። በቁምጣ እንዲህ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። ከሱ እንኳ የሚማሩት ነገር ተገኘ።

ማኪናው ወንዙ እስኪጎድል አይመጣም። ለሦስተኛው ድንኳንም ሌላ አለቃ የለም። ስለዚህ ተባርሬ፣ አለቃ ሆኜ፣ እዚሁ አለሁ። የአድማሴ አባት ብቻውን ተመለሰ። ልጁ፣ «ካሣዬን ሳልጨርስ አልሄድም» ብሏል።

ቀን አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት ጾሙ ሲፈታ፣ ስልሳ ልጅ እያየ አጎርሰዋለሁ። እንኳየሁ «እሰይ አያ ሰጠኝ! ይልመድብዎ!» እያለች ሽሮ ትጨምራለች።

ዛሬ አድማሴ ጉርሻው አነሰብኝ ብሎ ከሰሰኝ። ችሎቱን የተቀመጠው ደሴ ነው። አድማሴ አሥር ምስክር ቆጠረ፤ አሥሩም ያኝኩ ነበር።

«ተከሳሽ ምን ይላል?» አለ ደሴ። አፉን በጋቢው ሸፍኗል፤ የሚስቅ መስሎኛል።

ጉርሻው ትክክል ነበር። ማስረጃ ነበረኝ፤ ምስክሮቹን አንድ ባንድ መጣል እችል ነበር።

«አጠፋሁ» አልኩ።

ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ያህል አይከብድም።